አልገባኝም ያልኳት ዕለት

ሀርጌሳ፣ 26 ጁን ሰፈር
ጥቅምት 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለማከብርዎ አክስቴ ለእትዬ ሸዋርካብሽ፤

የደብረ ብርሃን ብርድ ጉልበትዎን እንዳይነካብዎ እየለመንኩ ከእግር እስከ ራስዎ ጤናዎን እጠይቃለሁ። አባቴን፣ እናቴንና ትንንሾቹን በየስማቸው ይሳሙልኝ። እኔ በእግዚአብሔር ቸርነት ደህና ነኝ፤ የጎደለኝ የእናንተ ድምፅ ብቻ ነው።

እንደተነጋገርነው የሆዴን በስልክ አላወራም። ስልኩ አባቴ ኪስ ውስጥ ስለሆነ የምለውን ጎረቤቱ ሳይቀር ይሰማዋል። ፈጠነ ሹፌሩ በየሳምንቱ እስከ ውጫሌ ድንበር ብርድ ልብስ ስለሚጭን በእሱ እጅ መጻጻፉ ይሻለናል።

ዩኒቨርሲቲው ከውጭ የመጣነውን ተማሪዎች የመጀመሪያውን ዓመት ቤተሰብ ጋር ያኖረናል። አዋላጅ ነርስ ቋንቋውን ሳታውቅ ምጥ የያዛትን ሴት ምን ትላታለች ነው ነገሩ፤ ሶማሊኛ ከቤት ይለመዳል ይላሉ። እኔን የተቀበሉኝ አቶ መውሊድ የሚባሉ የሂሳብ መምህርና ባለቤታቸው ወይዘሮ ዛምዛም ናቸው። ሀኒ የምትባል የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ልጅ አለቻቸው። ለብቻዬ ክፍል ሰጥተውኛል። ምሳ ሲቀርብ ከሥጋው ጥሩ ጥሩው እኔ ፊት ይደረጋል፤ በልቼ ስጨርስ ደግሞ ይጨመራል። እንዴት «በቃኝ» እንደሚባል ገና አልተማርኩም።

ብቻ ነገሩ ሁሉ ያስፈራኛል። ትናንት አቶ መውሊድ ከሥራ ሲገቡ ተነሥቼ እጄን ዘረጋሁላቸው። እሳቸው እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው በፈገግታ ሰላም አሉኝ፤ የኔ እጅ አየር ላይ ቀረ። ሀኒ አፏን ይዛ ወጣች። ረቡዕና ዓርብ ጾመኛ መሆኔንም አልተናገርኩም። እርስዎ አሥራ አንድ ዓመት እዚሁ ከተማ በንግድ ድርጅት ቢሮ ሠርተዋልና ከእርስዎ የተሻለ የሚመክረኝ የለም።

ጣይባ የምትባል የቤት ሠራተኛ አለች፤ የከሚሴ ልጅ ናት። የመጣሁ ቀን በሩን ከፍታ መልኬን ስታይ «እንኳን ደህና መጣሽ እህቴ» አለችኝ፤ አማርኛ ስሰማ ተንጠልጥዬ አቀፍኳት። በሦስተኛው ቀን ግን ከሀኒ ጋር ሱቅ ሄጄ ሳሙና ስገዛ ባለሱቁ የሆነ ነገር ጠየቀኝ። ሀኒ እየሳቀች ተረጎመችልኝ፤ «የዛምዛም አዲሷ ሠራተኛ ነሽ?» ነው ያለኝ። ፊቴ ነደደ። ከዚያ ወዲህ ሰው ባለበት ከጣይባ ጋር አማርኛ አላወራም። እትዬ፣ እርስዎን ሠራተኛ ነሽ ወይ ሲሉዎ ምን ብለው ይመልሱ ነበር?

ነጠላዬን ረስቼ መጥቻለሁ። ለገና እንድለብሰው ይላኩልኝ፤ ትንሽ በሶም ቢጨምሩልኝ።

ልጅዎ አምለሰት ባንተአምላክ


ደብረ ብርሃን
ኅዳር 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለአምለሰት፤

የረገጥሽው መሬት ይልመድሽ፣ ያስጠጋሽ ሰው ይውደድሽ፤ የጀመርሽውን ጨርሰሽ በሰላም ለመግባት ያብቃሽ። እኛ ሁላችን ደህና ነን። አባትሽ በየሄደበት «ልጄ የውጭ አገር ተማሪ ናት» ይላል፤ አልፎ አልፎ የኔንም ቢሮ ይጨምርበታል።

ምክር ብለሽ ጠይቀሽኛል። ጫማሽን ደጅ አውልቂ። የመጸዳጃ ቤቱ ሲሊፐር ለብቻው ነው፤ እሱን አድርገሽ ምንጣፍ ላይ እንዳትወጪ። ወንድ እጁን ካልዘረጋልሽ አንቺም አትዘርጊ፤ ንቀት እንዳይመስልሽ፣ አክብሮት ነው። የግመል ወተት በመጀመሪያው ሳምንት ሆድሽን ያላላዋል፤ ትንሽ ትንሽ እያልሽ ጠጪ እንጂ አትመልሺ። ጾምሽን አትደብቂ። ጾም የሚያውቁ ሰዎች ናቸው፤ ብትነግሪያቸው ያከብሩልሻል፣ ብትደብቂያቸው ግን ምግባችንን ተጸየፈች ይላሉ። ከሁሉ በላይ ውሃ፣ ልጄ። እዚያ ውሃ በቦቴ መጥቶ ነው ከመሬት ሥር ባለው ቢርካ የሚጠራቀመው። ቧንቧ ከፍተሽ ፊትሽን እንዳትታጠቢ፤ በጣሳ ቅጂ። ጠዋት አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ተነሥተሽ ከሰሉን ካቀጣጠልሽ በኋላ የሻይ ውሃውን

ይህን ተይው። እጄ ቀድሞኝ ነው። አንቺ እንግዳ ነሽ፤ እስኪጠሩሽ ተኚ።

አንድ ነገር ልጨምርልሽ። አሁን ጥሩ ጥሩውን ካንቺ ፊት ያደርጋሉ። ከጥቂት ወር በኋላ ያን ይተዉና ስታጠፊ እንደ ልጃቸው ይቆጡሻል። በተቆጡሽ ቀን ደስ ይበልሽ፤ ያኔ የቤቱ ሰው ሆነሻል።

እስኪ አንቺም ንገሪኝ። ያቺ ጣይባ የምትተኛው የት ነው? ከእናንተ ጋር ትበላለች? ዓርብ ዓርብ ትወጣለች? ነጠላሽን ልኬያለሁ። በሶው ሁለት ከረጢት ነው፤ አንዱ ያንቺ፣ አንዱ የሷ። የባለሱቁን ነገር ሌላ ጊዜ እመልስልሻለሁ።

አክስትሽ ሸዋርካብሽ


ሀርጌሳ
ጥር 5 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለውድ አክስቴ፤

እንኳን ለብርሃነ ልደቱ በሰላም አደረስዎ። ዓመት ዓመት ያድርስልኝ፤ ምክርዎም ከጸሎት እኩል ደርሶልኛል።

ጾሜን ስነግራቸው ወይዘሮ ዛምዛም «ሦስት ወር ሙሉ ረቡዕ ረቡዕ ሆዴን አመመኝ ስትዪን ዶክተር ልንጠራልሽ ነበር እኮ» አሉኝ። አሁን በጾም ቀን ሩዝና ምስር ለብቻ ይሠራልኛል። የገና ዕለት ነጠላዬን ለብሼ ብቻዬን ክፍሌ ውስጥ ስጸልይ አዩኝና በሩን ቀስ ብለው ዘጉልኝ፤ ስወጣ ቴምር በሳህን አስቀምጠውልኛል። ሀኒ ሶማሊኛ ታስተምረኛለች፣ እኔ ባዮሎጂ። እንግዳ ሲመጣ «ዶክተራችን» ብለው ያስተዋውቁኛል። አዋላጅ ነኝ ብላቸውም አይሰሙኝም።

ባለፈው የወይዘሮ ዛምዛም እህት መጥተው «ይቺም ሀበሻ ናት?» ብለው ጠየቁ። እሳቸውም «ይቺ ሌላ ናት፤ እንደነሱ አይደለችም» አሉ። ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ጣይባ የሻይ ትሪ ይዛ ቆማ ነበር። ሶማሊኛ ከኔ በደንብ ትችላለች።

ስለ እሷ ለጠየቁኝ፣ የት እንደምትተኛ በደንብ አላየሁም፤ ከወጥ ቤቱ ጀርባ ይመስለኛል። ከእኛ ጋር አትበላም። ዓርብን አላስተዋልኩም። በሶውን ገና አልሰጠኋትም፤ ሁለቱም ከረጢት ሻንጣዬ ውስጥ ነው። ምቹ ጊዜ እየጠበቅሁ ነው።

የባለሱቁን ነገር አልመለሱልኝም።

ልጅዎ አምለሰት


ደብረ ብርሃን
የካቲት 2 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአምለሰት፤

ጤና ይስጥሽ። እኛ ደህና ነን።

በሶ ለመስጠት ምቹ ጊዜ የሚባል ነገር የለም። ከመንቀዙ በፊት ስጫት። ከወጥ ቤቱ ጀርባም ሄደሽ እዪ፤ አሥራ አምስት እርምጃ አይሞላም።

አክስትሽ


ሀርጌሳ
የካቲት 25 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአክስቴ ለእትዬ ሸዋርካብሽ፤

ዐቢይ ጾምን በጤና ያስፈጽምዎ። እዚህም ረመዳን ገብቷል፤ ዘንድሮ ጾማችን ገጥሟል፤ ቀን ቀን ቤቱ ሁሉ ዝም ይላል።

አጭር ደብዳቤዎ ደርሶኛል። ተቆጥተውኛል መሰለኝ። ስለ በሶው ከእንግዲህ አይጨነቁ፤ ጣይባ ከቤቱ ወጥታለች።

ነገሩ እንዲህ ነው። ለረመዳን ብለው ቢርካውን በሁለት ቦቴ ውሃ አስሞልተው ነበር። በማግስቱ የግቢው ቧንቧ ክፍቱን ውሎ ውሃው በበሩ ሥር ወደ መንገድ ፈስሶ አለቀ። ጠዋት መብራት ስላልነበረ ቧንቧው ደረቅ ነበር፤ መብራት ሲመጣ ከቢርካው ውሃ የሚስበው ፓምፕ በራሱ ተነሥቶ ነው። እኔ በዕለቱ ነጠላዬን ሳጥብ ረፍዶብኝ ወደ ዩኒቨርሲቲ ሮጬ ስለነበር ስመለስ ነው የደረስኩበት። ለጾሙ ከየቦታው ዘመድ ሊመጣ ቤቱ ውሃ የለውም። ወይዘሮ ዛምዛም በጣም ተናደዱ፤ ጣይባንም አሰናበቷት። የቤቱ ጉዳይ ነው፤ እንግዳ ምን ይላል?

ለፋሲካ ምንም እንዳይልኩልኝ። ምንም አያስፈልገኝም።

ልጅዎ አምለሰት


ደብረ ብርሃን
መጋቢት 7 ቀን 2017 ዓ.ም.

ልጄ አምለሰት፤

ልብሽን ያብራልሽ። የኔንም።

ደብዳቤሽን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። መብራት ጠፍቶ ቧንቧው ደረቅ ከነበረ ነጠላሽን በምን ውሃ አጠብሽ? ቧንቧውን መጀመሪያ ከፍተሽ፣ እምቢ ሲልሽ በጣሳ ቀድተሽ አይደለም? ከዚያ ማን ዘጋው? እኔ ያንን ግቢ የማውቀው ያህል አንቺ አታውቂውም። ሁሉም ግቢ አንድ ነው።

አንቺን ከመጠየቄ በፊት እኔ የምናገረው አለኝ። ይኸው ከዘጠኝ ዓመት በላይ ያላወጣሁት ነው።

እኔ ሀርጌሳ ውስጥ ቢሮ ገብቼ አላውቅም። አሕመድ ዳጋህ በሚባለው ሰፈር በአንድ ነጋዴ ቤት አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ የቤት ሠራተኛ ነበርኩ። ከወጥ ቤቱ ጀርባ ከሰልና ጄሪካን በሚቀመጥበት ነው የተኛሁት። ክፉ ሰዎች አልነበሩም፤ ደግም ክፉም ለመሆን ልብ ሊሉኝ ይገባ ነበር፣ ልብ አላሉኝም። ባለሱቁ የጠየቀሽን ማንም ጠይቆኝ አያውቅም። መልሱ ሲታይ ያስታውቅ ነበራ።

ቢሮ የሚለውን መጀመሪያ በስልክ ለአባትሽ ያልኩት እኔ ነኝ። አንድ ቀን ነው ያልኩት፤ እሱ ግን ለሰው ተናገረው፣ ሰው መልሶ ለኔ ነገረኝ፤ ከዚያ መመለሻ አጣሁ።

ይህ ብቻ ቢሆን ኖሮ ቀላል ነበር። የምንጣፍ ተራውን አለሙን ታውቂዋለሽ፤ ሰንበት ሰንበት ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ ቆቡን አንሥቶ «እንዴት ዋልሽ» የሚለኝን። አንድ ቀን ሀርጌሳ ገበያ መሃል ከእመቤቴ ኋላ ሁለት ዘንቢል ተሸክሜ ስሄድ «ሸዋዬ! ሸዋርካብሽ!» ብሎ የሚጣራ ሰማሁ። ዞር ስል አለሙ ነው። አቧራ በአቧራ ሆኖ፣ ከንፈሩ ተሰነጣጥቆ፣ ሊያቅፈኝ እጁን ዘርግቶ ቆሟል። እመቤቴ «ማነው?» አለችኝ። በሶማሊኛ «አላውቀውም፤ እብድ ነው መሰለኝ» አልኳት። ለምን? አገር ገብቶ ሠራተኛ ናት ብሎ እንዳያወራብኝ። ከአገሬ ሰው ጋር አንዲት ቃል ከተናገርኩ ምሥጢሬ የሚወጣ መሰለኝ። እጁን ቀስ ብሎ ሲያወርድ አየሁት።

እንግዲህ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በየሰንበቱ ቆቡን ያነሣልኛል። ለአንድ ሰው አልተነፈሰም። እኔም ቀና ብዬ አይቼው አላውቅም።

አሁን አንቺ ጻፊልኝ። ጣይባ ስትወጣ ምን አለችሽ?

አክስትሽ ሸዋርካብሽ


ሀርጌሳ
መጋቢት 18 ቀን 2017 ዓ.ም.

እትዬ፤

ሰላምታዬ ይቅር። እንዴት ከርመዋል ለማለት ፊት የለኝም።

ቧንቧውን የከፈትኩት እኔ ነኝ። ክፍቱን ትቼው የሄድኩትም እኔ ነኝ። ስመለስ ከበሩ ውጭ ኩሬውን እንዳየሁ ወዲያው አወቅሁ። ግቢ ስገባ ወይዘሮ ዛምዛም ጣይባን አቁመው እየጮሁባት ነው። እሷ «ወላሂ እኔ አይደለሁም» ትላለች። ወደ እኔ ዞረው «ጠዋት ቧንቧው አጠገብ አይተሻታል?» አሉኝ። አይቻት ነበር፤ የከሰል አመድ ልትደፋ በዚያ በኩል አልፋለች። «አዎ» አልኩ። ውሸት አልነበረም። ለዚህ ነው የቀለለኝ።

ጣይባ ያኔ ፊቷን ወደ እኔ አዞረች። በአማርኛ፣ ቀስ ብላ፣ ሰው እንደሚለምን ሳይሆን ሰው እንደሚያስታውስ «ነጠላሽን ስታጥቢ እኮ አይቼሻለሁ። ንገሪያቸው እንጂ፣ እህቴ» አለችኝ። ሁሉም እኔን አዩ። ወይዘሮ ዛምዛም «ምን አለች?» አሉ። እኔም በሶማሊኛ «አልገባኝም» አልኩ። ለእሳቸው አይደለም እትዬ። ለእሷ ነው ያልኩት፤ ዓይኗን እያየሁ። ሀኒ መጀመሪያ ያስተማረችኝ ቃል ነው።

ጣይባ ልብሷን በፌስታል ይዛ ወጣች። የምትተኛበትን ያየሁት ያን ጊዜ ነው፤ በሩ ተከፍቶ ስለቀረ። እርስዎ የጻፉትን ይመስላል። ሌላ አልጨምርም።

ደብዳቤዎ በደረሰኝ ቀን ከሰዓት በኋላ ወጥ ቤት ገባሁ። ወይዘሮ ዛምዛም ለማፍጠሪያ ሳምቡሳ እየጠቀለሉ ነበር፤ ሀኒ ሽንኩርት ትከትፋለች። ቃላቱን መንገድ ላይ ሳጠና ነው የመጣሁት። «ቧንቧውን የከፈትኩት እኔ ነኝ፤ ጣይባ አይደለችም» አልኩ። ሀኒ አነጋገሬን ልታርም አፏን ከፈተችና መልሳ ዘጋችው።

«ስጠይቅሽ እዚያው ቆመሽ ነበር» አሉ ወይዘሮ ዛምዛም።

«አዎ።»

«ያቺ ልጅ በአማርኛ ያለችሽ ይህንኑ ነው?»

«አዎ።»

እጃቸው ከሊጡ አልወጣም። አልጮሁም። ጣይባ ላይ የጮሁት ጩኸት ለእኔ ይሆናል ብዬ ጆሮዬን አዘጋጅቼ ነበር። «ሰው ያለጥፋቷ ከቤቴ አውጥቼ ነው ይኸን ሁሉ ቀን የጾምኩት?» አሉ፤ ለእኔ ሳይሆን ለራሳቸው። ከዚያ «ለምን እንዳመንኩሽ ታውቂያለሽ?» አሉኝ። በአንገቴ አዎ አልኩ። «እኔም አውቃለሁ» ብለው ሥራቸውን ቀጠሉ።

ሻንጣዬን ስሸክፍ አቶ መውሊድ በሩ ላይ ቆሙ። «መልሺው፤ እንግዳ አናስወጣም» አሉ። ደግሞ «ልጃችን ብትሆኚ ኖሮ እቆጣሽ ነበር» አሉኝ። እርስዎ የተቆጡሽ ቀን ደስ ይበልሽ ብለውኝ ነበር። አልተቆጡኝም። ማፍጠሪያ ሲቀርብ አሁንም ጥሩ ጥሩው ሥጋ እኔ ፊት ነው፤ በጾም እንደማልበላው እያወቁ፤ ምናልባትም ረስተውት። ሀኒ አብራኝ አታጠናም። ዶክተር የሚለኝ የለም።

በሶውን አውጥቼ አየሁት። ሁለቱም ከረጢት ነቅዟል።

የጣይባ ስልክ አይሠራም። ወይዘሮ ዛምዛምም ፈልገው አላገኟትም። የት ልፈልጋት?

አምለሰት


ደብረ ብርሃን
ሚያዝያ 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

ልጄ፤

ሰሙነ ሕማማቱን በሰላም ያሳልፍሽ።

በቤቱ ሰዎች ፊት ስለተናገርሽው አላመሰግንሽም፤ ደስ ብሎኛል ግን። አሁን ስሚኝ። አሕመድ ዳጋህ ውስጥ ቤት ያጡ የኛ ሴቶች አምስት ስድስት ሆነው አንድ ክፍል ይከራያሉ፤ በየሰው ቤት እየዞሩ ልብስ ያጥባሉ። የኔ ነገር አሥር ዓመት ሊሞላው ነው፤ ዛሬም ግን አይቀርም። ስትሄጂ ድምፅሽን ዝቅ አድርገሽ አትጠይቂ። በአማርኛ ጠይቂ። በሶማሊኛ ከጠየቅሽ ከቀበሌ የመጣሽ መስሏቸው ይደበቁብሻል።

እኔም የኔን አድርጌያለሁ። ለአባትሽ ነገርኩት። ማልቀስ ወይም ማቀፍ ያለ መስሎኝ ነበር፤ ተቆጣ። «ቢሮ ብዬ ለሰው ሁሉ ሳወራ ቁጭ ብለሽ ታዪኝ ነበር?» አለኝ። ሦስት ቀን አላናገረኝም። ያፈረው በኔ ሥራ ይሁን ለሰው ባወራው፣ ገና አልለየም። ይለይ።

አለሙን ደግሞ ሰንበት ጠብቄ ከአጸዱ ሥር አቆምኩት። ቆቡን ሊያነሣ ሲል «አታንሣልኝ፤ ያን ቀን አውቄሃለሁ» አልኩት። ምን አለኝ መሰለሽ? «እኔም እኮ ያኔ ሲሚንቶ ተሸካሚ ነበርኩ። እዚህ ለሚስቴ ግንበኛ ነኝ ብያታለሁ። ከሩቅ ሳይሽ ልደበቅ ነበር ያሰብኩት፤ ናፍቆት ቀደመኝና ተጣራሁ።» ሁለታችንም መሬት መሬት እያየን ቆምን። ይቅር አለኝ ብዬ አልጽፍልሽም፤ አላለኝም። ሰላም ብሎኝ ሄደ።

አክስትሽ ሸዋርካብሽ


ሀርጌሳ
ግንቦት 13 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአክስቴ ለሸዋርካብሽ፤

ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ፤ አባቴንም ያብርድልኝ። ደብዳቤ ያዘገየሁት የምጽፈው እስኪኖረኝ ብዬ ነው።

ሦስት ዓርብ ፈለግኋት። የመጀመሪያውን ዓርብ ድምፄ አልወጣ ብሎኝ መንገዱን ዳር ለዳር ሄጄ ተመለስኩ። በሁለተኛው ጠየቅሁ፤ ሁለት ሴቶች አይተውኝ በራቸውን ዘጉ። በሦስተኛው አንዲት አሮጊት ልብስ ከሚያሰጡበት ገመድ ሥር ብቅ ብለው «የከሚሴዋን ነው?» አሉኝና በጣታቸው አሳዩኝ።

ጣይባ ግቢው ውስጥ ብርድ ልብስ ታጥባለች፤ ክንዷ እስከ ክርኗ ሳሙና ነው። አየችኝ፤ ማጠቧን አላቆመችም። አጠገቧ ቁጢጥ ብዬ ሁሉንም ነገርኳት፤ ለወይዘሮ ዛምዛም መናገሬን፣ እሳቸውም ተመለሺ፣ በድዬሻለሁ ማለታቸውን። ጨርሼ «ይቅርታ አድርጊልኝ» አልኳት።

«ዛምዛምን አልመለስም በያት» አለች። «በክፉ እንዳይመስላት። አውፍ፣ ይቅር ብያታለሁ፤ እሷ አማርኛ አትሰማም።»

ከዚያ ብርድ ልብሱን በአንድ በኩል አስያዘችኝ፤ ጨመቅነው። እያሰጣችው ጀርባዋን እንደሰጠችኝ «ውሃውን ረስቼዋለሁ። ውሃ ነው። እኔ እኮ አንቺ በር ላይ ያቀፍሽኝ ቀን ለእናቴ ደውዬ፣ የአገር ልጅ መጣችልኝ ብያት ነበር» አለችኝ። 

ልሄድ ስነሣ ጠራችኝ። እዚያው ክፍል ውስጥ የምትኖር አንዲት የአርሲ ልጅ ወሯ ገብቷል፤ ሶማሊኛ አታውቅም፤ አንዴ ጤና ጣቢያ ሄዳ የሚሏትን ሳትሰማ ተመልሳለች። «ምጧ ሲመጣ እደውልልሻለሁ። አንቺን ደስ እንዲልሽ አይደለም፤ ሌላ ሰው ስለሌለኝ ነው» አለችኝ። ቁጥሬን ሰጠኋት።

ማክሰኞ ጠዋት ደወለች። ያመጧት እኔ የተግባር ልምምድ የምሠራበት ሆስፒታል ነው፤ የክፍል ጓደኞቼ ነጭ ጋውናቸውን ለብሰው ቆመዋል። ልጅቷ እጄን ጨምድዳ ይዛ በአማርኛ «ምንድን ነው የሚሉት? ምንድን ነው የሚሉት?» ትላለች። እኔም እያጎነበስኩ በጆሮዋ ሳይሆን ሁሉም እንዲሰማ ተረጎምኩላት፤ ግፊ ሲሏት ግፊ፣ ተንፍሺ ሲሏት ተንፍሺ። ዋናዋ አዋላጅ ቀና ብለው «ዘመድሽ ናት?» አሉኝ። «አዎ፣ የአገሬ ልጅ ናት» አልኩ። «የሰው ቤት ሠራተኛ ናት አይደል? አንቺ ከየት አወቅሻት?» አሉ። ክፉ አስበው አይደለም፤ ገርሟቸው ነው። «አክስቴም እዚህ የሰው ቤት ሠራተኛ ነበረች» አልኩ።

እትዬ፣ ያለፈቃድዎ ስለተናገርኩ ይቅር ይበሉኝ። ሌላም ልንገርዎ፤ ለእርስዎ ከዋሸሁ ለማን እውነት እናገራለሁ? አፌ ይህን ሲል ፊቴ ባለሱቁ እንደጠየቀኝ ቀን ነደደ። ጓደኞቼ እንዳይሰሙ ተመኘሁ። ድምፄን ዝቅ ላደርግ ነበር፤ አላደረግሁም፤ ግን ልቤ ፈልጎ ነበር። ያዳነኝ ልጅቷ መጮኋ ነው። ይህ ነገር በአንድ ቀን ይወጣልኛል ብዬ ነበር። አልወጣም።

ወንድ ልጅ ወለደች፤ ደህና ናቸው። እኔ ነኝ እትብቱን የቆረጥኩት፤ አዋላጇ መቀሱን ሰጡኝ።

ከሰዓት በኋላ ባጃጅ ጠርተን እናቲቱን ከነልጇ አስገባናት። ጣይባ ከጎኗ ተቀመጠች፤ ለሦስተኛ ሰው ቦታ አልነበረም። አመሰግናለሁ አላለችኝም፤ እንድትልም አልጠበቅሁም። ባጃጁ ሊንቀሳቀስ ሲል አንገቷን አወጣችና «ሐሙስ የሕፃኑ ክትባት ነው። ሁለት ሰዓት ላይ እዚሁ ድረሽ» አለችኝ።

ሐሙስ ጠዋት ፈተና አለብኝ። መምህሬን ቀኑን እንዲለውጥልኝ ለምኜ፣ ምክንያቱን ሲጠይቀኝ ነገርኩት።

ልጅዎ አምለሰት